ጌሙ ውስጥ የቀረው ዜማ

ቀጣፊ መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል። ይህቺን ግን ቅመም ሳልጨምርባት ነው የማወራችሁ፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ።

ታላቅ ወንድሜን ከቀበርን በኋላ እማዬ የሟቹን የድሮ ጌም እንዲወስደው የሰፈሩን ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ብሎንን አስጠራችው። ያ ትንሹ ሰውዬ ጉድጓድ እየዘለለ የሚሄድበት ጌም ነው። ብሎን የጌሙን ካሴት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ሆድ ዕቃውን ይጎረጉር ጀመር።

«ጉድ እኮ ነው! ሠሪዎቹ ሠርተው ሳይጠቀሙበት ውስጡ የተዉት ዜማ አለ። ዕድሜህን ሙሉ ብትጫወት አትሰማውም።»

ከፈተው። ወንድሜ የሚያፏጨው ዜማ ነበር። ቁልፍ አይበረክትለትም፤ ደረጃው ላይ ሆኖ በፉጨት ነበር በር የሚያስከፍተን።

«አንተ ነህ ያስቀዳኸው? በሞተ ሰው ይቀለዳል?» አለችኝ እማዬ።

«አንቺን ይንሳኝ፣ የለሁበትም!»

ብሎን ዜማውን ዘጋው። ፉጨቱ ከደረጃው በኩል ቀጠለ።

እማዬ የወንድሜን ሸሚዝ እያጠፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ ዳቦ ግዛ እንደምትለኝ አድርጋ፣ «ሂድ ክፈትለት» አለች።

አልደነገጥኩም፤ እግሬ ብቻ ሄደ። ከፈትኩ። ማንም አልነበረም። «ንፋስ ነው» ብዬ መልሼ ዘጋሁት። እማዬም ማጠፏን ቀጠለች።

ከዚህ ሁሉ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም አልነበረም ያልኩት።