ይሁን ባይ ያጣ ስንብት

የእናቷን ወንበር ከኮምፒውተሩ ካሜራ ዓይን ውጭ፣ መጋረጃው ሥር አደረገችላት።

«እማዬ፣ እዚህ ሁኚልኝ። ስብሰባው የባለሙያ ነው፣ ይሰለችሻል» አለች ልጅቱ። ልጅቱ ማለት ያው ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ሴትዮ ናት።

አሮጊቷ ተቀመጠች። ይሰለችሻል! ፊደል አልቆጠርሽም ማለት ሲያፍሩ ይሰለችሻል ይላሉ። ያ የሚሰበሰቡለት የኮምፒውተር ፕሮግራም እዚህ ቤት ሲወለድ አጠገቡ ከሷ ሌላ ሰው የነበረ ይመስል።

ስክሪኑ በትናንሽ መስኮቶች ተሞልቷል። በየመስኮቱ አንድ ሰው፣ ከየሰዉ ጀርባ የራሱ ሰማይ። ሐኪሙ የሚሉት ጋ ገና እየነጋ ነው፤ አንዷ ጋ መሽቶ መብራት በርቷል፤ ከአንደኛው ጀርባ ዝናብ በመስታወቱ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። እዚህ ደግሞ የከሰዓቱ ነፋስ መጋረጃውን ያሳብጠውና መልሶ ይተወዋል፤ የተኛ ሰው ሲተነፍስ ይመስላል። ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ፣ ሌሊትና ቀን ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩበት አንድ ትልቅ ፎቅ ውስጥ የተቀመጠች መሰላት።

ፕሮግራሙ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ዓይኑ ለማያይ፣ ማንበብም ላልተማረ። የፈለገ በነጻ ይወስደዋል፤ የቻለ ደግሞ የተበላሸውን ጠግኖ ለሁሉም ይመልሰዋል። የሚያነብበት ድምፅ የሷ የአሮጊቷ ነው። ያኔ ድምፁ ሲቀረጽ ልጅቱ የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣትና ብርድ ልብስ ትደርብባታለች። ቃሉን በጆሮዋ ሹክ ትላታለች፤ እሷ በላብ ተጠምቃ ትደግመዋለች። ከዚያ ድምፁ ወጥቶ ሄደ። አሁንማ ያላለችውን ሁሉ ይላል፦ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ ራሷን ሰምታ «አቤት!» ብላ ዞራለች።

የልጅቱ የስንብት ስብሰባ ነውና ሰዎቹ ምስጋናውን ያዙት። አርማውን የሳለው ተመሰገነ። ስህተት የለቀመው ተመሰገነ። አንዱማ ገና ባለፈው ወር የተቀላቀለ ነው፣ እሱም ተመሰገነ። ድምፁስ ከሰማይ ወረደ?

በመጨረሻ ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በሉ እንግዲህ፣ ስሜን ከመሪነቱ ላይ አንስቼ የሐኪሙን ተክቻለሁ። ለውጡን ልኬላችኋለሁ፤ አጽድቁት።»

አንድም ጣት አልተንቀሳቀሰም።

ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ማንም የራሱን ለውጥ ራሱ አያጸድቅም። ሌላ ሰው አይቶ «ይሁን» የምትለዋን ቁልፍ መጫን አለበት። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የሁሉንም ሥራ ይሁን ስትል የኖረችው እሷው ነበረችና፣ ለሷ ይሁን የሚላት ጠፋ።

«ሐኪሙ፣ ተጫነው እንጂ» አለ ባለዝናቡ።

«እኔ? በምን አንጀቴ!» ሐኪሙ መባሉ የፕሮግራሙን በሽታ ስለሚያክም ነው፤ የሰው እንባ ግን አይችልም። «ሰው ከገዛ ቤቱ ማባረር አይሆንም?»

«እኔም አልነካትም» አለች መብራት ያበራችው። «ከነካኋት በኋላ ነገር ቢበላሽ፣ ዕድሜ ልኬን ስወቀስ ልኖር!»

ሳቁ። ሳቁ ከመስኮት መስኮት ዞረና ጠፋ።

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብትቆዪስ?» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

አሮጊቷ ልጇን አየች። የልጅቱ ፊት ላይ ደም ተመለሰ። የተወጠረው ትከሻዋ ላላ። አባቷ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እንኳ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ይሁን ስትል ነው የከረመችው። ትናንት ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ጥላ፣ «ደከመኝ፣ እማዬ። ካልተውኩት ይገድለኛል። ነገ ወደ ኋላ ስል ካየሽ እንዳትለቂኝ» ብላለች። ይኸው ነገ መጣ።

«እንግዲህ... ካላችሁ...» አለች ልጅቱ፣ «ለጊዜው እስከዚያ...»

አሮጊቷ ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ። ቀጥ ብላ ካሜራው ፊት ቆመች።

«እስከዚያ የሚባል ነገር የለም!»

በየመስኮቱ ያለ ራስ ሁሉ ቀና አለ። ቀኑን ሙሉ ጆሯቸው ውስጥ የሚውለው ድምፅ ነው፤ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። ባለዝናቡ ሳያውቀው ብድግ ብሏል። መብራት ያበራችው አፏን በእጇ ይዛለች።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ሐኪሙ። «እማማ... በሕይወት ያለ ሰው አይመስሉኝም ነበር።»

«ልታረጋግጥ ከፈለግህ ናና ልቆንጥጥህ!»

«እማዬ፣ ኧረ በናትሽ!» ልጅቱ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«ዝም በይ አንቺ። ጉልበቴ ላይ ያለቀስሽውን ልንገራቸው?» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ትንፋሿ መስታወቱን ጉም አለበሰው፤ ሰዎቹ ሁሉ ለአፍታ ደብዘዝ አሉ። «ድምፄ ከዚህ ቤት ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ? ይህን በል፣ ያን አትበል አልኩት? ተውኩት፤ ይኸው ካለኔ ይኖራል፣ እኔም ካለሱ እኖራለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቱ እጇን ከእናቷ ክንድ ላይ አላነሳችም፤ መጎተቱን ግን ተወች።

ጉሙ ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ለቀቀ። አሮጊቷ ጣቷን ሐኪሙ አፍንጫ ላይ ቀሰረች።

«ልጄን የምትወዳት ከሆነ፣ አንተ ሰውዬ፣ ተጫነው። አሁን፣ እኔ እያየሁህ!»