የፍሪጁ ሽብልቅ

ቱሪስት ይዞ ዳሎል የሚወርደው መኪና ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር፣ ምግብ አብሳይዋ የመኪናውን ፍሪጅ አጥፍታ በሎሚ ውኃ ታጥበዋለች። በሩ ራሱን እየዘጋ ስለሚያስቸግራት፣ እስከሚቀጥለው ጉዞ ገርበብ እንዳለ እንዲቆይ ቁራጭ እንጨት ትወሽቅበታለች።

የአስጎብኚ ድርጅቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። እንጨቱን መዝዞ ወረወረው።

“ይሄ ዝርክርክነት ነው! ፍሪጅ ይዘጋል!”

“ጠፍቶ ከተዘጋ ይሻግታል። እዚያ በረሃ ላይ እንግዳ ሆዱን ሲቆርጠው የሚያየው የኔን ዓይን ነው፣ የርስዎን አይደለም።”

“እዚህ ቤት የማዘው እኔ ነኝ!”

“የማበስለው ደግሞ እኔ።”

በማግስቱ አሮጌ ነጠላ ጫማ ወሸቀችበት፤ አውጥቶ ጣለው። በሦስተኛው ቀን የበቆሎ ቆረቆንዳ ወሸቀች፤ እሱንም ጣለው።

ዓርብ ከሰዓት ጸሐፊዋ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አመጣችላት። አብሳይዋ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዘበኛው ጋሽ ቱሉ ከግቢው በር ላይ ሆነው ሲያዩዋት ቆዩና፣

“ምን አሉሽ ልጄ?” አሏት።

“የምፈልገውን ሰጡኝ” አለችና ወደ መኪናው ሄደች።

ሰኞ ጧት ሥራ አስኪያጁ መኪናውን ሊያይ መጣ። የፍሪጁ በር ገርበብ ብሏል።

“አሁንም!” ብሎ የተወሸቀውን መዘዘው። አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው። ሲዘረጋው፣ ከግርጌው የራሱን ፊርማ አየ። ከአናቱ ላይ “ጉዳዩ፦ ከሥራ ስለ ማሰናበት” ይላል።