የዘንድሮው ጥገና

አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ነገር ብቻ እንዲያስጠግን ከተደነገገ ወዲህ፣ የመኪና ሞተርና የሰው ጉልበት የሚታደሱት በአንድ ፈቃድ ነው። አሮጌ መኪና በሌላ መቀየር ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ባለቤቴ ወንድይራድ ያቺን ቅንጡ መኪናውን ጋራዥ ሲወስዳት፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ «አበቃላት» በተባለች እያልኩ እጸልይ ነበር። ያኔ ፈቃዱ ለታመመው ጉልበቴ ይተርፋል።

መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ እጁን ጠረገ። «ጋሼ፣ ስድስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ ደክማለች። አይልፉ፣ ይቀይሯት።»

«እሷን?» አለ ወንድይራድ ጣሪያዋን እየዳበሰ። «ስንቱን ዳገት አብረን ወጣን! አረጀች ብዬ ልጣላት? ሰው አይደለሁም እንዴ?»

በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሞኝ ነኝና ለአፍታ ስለ እኔ የሚያወራ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። እሱ ግን አውራ ጣቱን የጋራዡ የአሻራ ማሽን ላይ አሳርፎ የዓመቱን ፈቃድ ለሞተሯ ሰጠ።

በሳምንቱ ታድሳ መጣች። የሰፈራችንን ዳገት ድምፅ ሳታሰማ ወጣችው።

«አየሽ የሺዬ? ኮረዳ ሆነች እኮ!»

የቤታችንን ደረጃ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ስወጣ ከታች ተጣራ። «የሺዬ፣ እስኪ ለስላሳ ጨርቅ ወርውሪልኝ፤ ቀለሟ እንዳይጫጫር።»

ጉልበቴን ያሰርኩበትን ሻሽ ፈትቼ ወረወርኩለት።

«ተባረኪ!» አለኝና፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ኮፈኗን መወልወል ጀመረ።