አልነሳም ያለው አባት

ፊዚዮቴራፒስቱ ደምሰው ልጁን ሊያገባ ያሰበውን ጎረምሳ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ስለዚህ የጎረምሳው ሽማግሌዎች ሲመጡ ከወንበሩ ላይነሳ ምሏል። ያኔ መልሱ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

ችግሩ፣ ዳሌያቸውን የተሰበሩትን እማማ የሻረግን ማስነሳትና ማስቀመጥ ለክሊኒኩ ረዳት ሰጥቶ ነው ቤት የዋለው። በአዲሱ ሕግ ደግሞ ባለሙያ ለረዳት የሰጠውን እንቅስቃሴ፣ በሽተኛው በሠራ ቁጥር የባለሙያውም ሰውነት አብሮ ይሠራዋል። ባለሙያው ሰው የማይችለውን እንዳያዝዝ ተብሎ ነው። ቤተሰቡ ለምዶታል፤ በሥራ ሰዓት ሾርባ የሚሰጡት በጡጦ ነው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲገቡ ደምሰው ብድግ አለ።

«ኧረ በእግዜር! ይቀመጡ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ተቀመጠ፤ እነሱም ተቀመጡ። ወዲያው ደግሞ ብድግ አለ። ሰው ቆሞላቸው መቀመጥ ነውር ነውና እነሱም እያቃሰቱ ተነሱ። ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ። ለረዳት የሰጠውን ውክልና እንዳይሰርዘው፣ ባለሙያ በሌለበት እማማ የሻረግ በመነሳትና በመቀመጥ መሃል ቀርተው ሊወድቁ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ አይተን አናውቅም» አሉ አንዱ ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ። «ግን በማርያም፣ ልጅዎን ይስጡን ወይ ያሰናብቱን፤ ጉልበታችን አለቀ!»

የደምሰው ስልክ ጮኸ። የደወለችው የክሊኒኩ ረዳት፣ ሽማግሌ የተላከላት የገዛ ልጁ ትርንጎ ናት።

«አባዬ፣ እማማ የሻረግ ዛሬ ጭራሽ አልደከማቸውም፤ እንዲያውም እየሳቁ ነው። አንድ ዙር ልጨምር ወይስ እሺ ብለሃቸዋል?»