ምድር ስትለቅ

ድሮ የብረት ምሰሶ ላይ ዳንስ ሳስተምር ስሜን ሲያጠፉ የነበሩ ጎረቤቶቼ ናቸው ዛሬ ቁምጣ ለብሰው ደጄ ላይ የሚሰለፉት። ምድር በየአመሻሹ ሰውንም ዕቃውንም ወደ ላይ መልቀቅ ከጀመረች ወዲህ፣ የሚጨብጠው ምሰሶ ያልተከለ ቤት የለም። የጣሪያችን ቆርቆሮ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሰማይ ሄዷል።

"እትዬ አስካለ፣ ቀሚሱን ያውልቁት። ጨርቅ ያንሸራትታል፤ የሚይዘው ቆዳ ነው" አልኳቸው።

አላንገራገሩም፤ በቁምጣና በካናቴራ ቀሩ። ጉያቸው ውስጥ የወሸቁትን ሹራብ ግን አላወጡም። እጃቸውን ላብ በሚመጠው ነጭ ዱቄት አደረቁ፤ አንዱን እጅ ከራሳቸው በላይ፣ ሌላውን ደረታቸው አጠገብ አድርገው ብረቱን ጨበጡ፤ በጭናቸውም ቆለፉት። ደስ አለኝ። ቤታቸው ሲሆኑ ወደ ላይ እንዳይነሱ ልጃቸው በገመድ ነው የሚያስራቸው፤ እኔ ግን በገመድ አላስተምርም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አቧራው ከወለሉ ተነሳ፤ ቀጥሎ ጫማዎቻችን ተነሱ። እትዬ አስካለ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መንሸራተት ጀመሩ። እኔ በእግሬ ምሰሶዬን ቆልፌ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዝኩ። እጄን አዳለጠኝ።

"ቫዝሊን ተቀብተው ነው የመጡት? ስንቴ ልናገር!" ብዬ ጮህኩ።

ቁልቁል አዩኝ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የሚባል የለም። ሹራቡን ከጉያቸው አወጡት፤ የሕፃን ሹራብ ነው። የልጅ ልጃቸው ናሆም ባለፈው ወር አመሻሽ ላይ ገላውን ሲታጠብ ከሳፋው ነበር ተነስቶ ወደ ሰማይ የሄደው።

"ልቀቂኝ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ራቁቱን ነው የሄደው። እዚያ ላይ ይበርደዋል።"