የጉድጓዱ ቡና

ይርጉ ሌባ ነው። ወርቃ መንደር ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከራሱ ከይርጉ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

ሌላው ሰው የሚያውቀው የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊ ይርጉ ዲላ ላይ በተደረገው የቅምሻ ውድድር አንደኛ መውጣቱን ነው። የምስክር ወረቀቱ ላይ «ለፈጠራ ሥራው» ይላል። ሚስቱ በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቀለችው። ይርጉ ምሳ ሲበላ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጣል።

ፈጠራው ቀላል ነው። ቀይ እሸት ቡና በእንሰት ቅጠል ይሸፈንና ቆጮ በሚቀበርበት ጉድጓድ ይከተታል። ድንጋይ ይጫንበታል። ከስምንት ቀን በኋላ ወጥቶ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል። ቀማሾቹ አንዴ ፉት ብለው ተያዩ።

«ይሄን ማን አሰበው?» አሉ።

«እኔ» አለ ይርጉ።

ወይ አፍ! ያቺ አንዲት ቃል ከወጣች ወዲህ የተኛው እንቅልፍ አልሆነለትም።

ያሰበችው አሰገደች ናታ! ባሏ የሞተባት፣ ጣቢያው አልጋ ላይ ቡና ትለቅም የነበረችው፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ከመዘምራኑ ጋር ትቆም የነበረችው አሰገደች።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ይርጉ ክፉ ጊዜ ላይ ነበር። ከጣቢያው ሁለት ጆንያ እሸት ጠፍቶ ባለቤቶቹ አፋጥጠውት፣ የዘበኛውን የጋሽ ጋዲሳን የስንብት ደብዳቤ በገዛ እጁ ፈርሞ ነበር። ሽማግሌው «ኧረ ልጄ፣ ዓይኔን አልከደንኩም» ቢሉ ማን ሊሰማቸው! ይርጉም ስሙን የሚያድስበት አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

በዚያው ሰሞን የጸሎት ሰዓት መቀየሩን ሊነግራት ወደ አሰገደች ቤት ሄደ። ከሥራቸው ተጎንድለው ገና ክንድ የማይሞላ ቡቃያ ባወጡት የቡና ግንዶቿ መሀል አልፎ ወደ ጓሮ ዞረ። አሰገደች የቆጮው ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካ ቅጠል ትገልጣለች። ውስጡ ያለው ግን ቆጮ አልነበረም።

«እንዴ! ቡና ነው እንዴ ይሄ?»

ክው አለች። ቅጠሉን በእግሯ መለስ አደረገችው።

«እ... ሙከራ ነው» አለች። «እስቲ ምን እንደሚሆን ልየው ብዬ ነው። ለማንም እንዳታወራብኝ ወንድም ይርጉ፣ በጌታ!»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ።»

ሊሄድ ሲል ተከትላው ወጥታ አንድ ጣሳ ሙሉ አሸከመችው። እምቢ ቢልም አልለቀቀችውም። «ለልጆቹ እናት ነው» አለች። ደግ ሴት ናት አለ ይርጉ በሆዱ። ቤቱ ወስዶ አደረቀው፣ ፈልፍሎ ቆላው፣ ቀመሰው። የበሰለ ኮክ የመሰለ ጣዕም አፉ ውስጥ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት እሸት እስኪደርስ ቀኑ አልገፋለት አለ።

ከሽልማቱ በኋላ አሰገደች ሌላ ሰው ሆነች። የጣቢያውን ሥራ ተወችው። መንገድ ላይ ይርጉን ካየች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ከመዘምራኑ ወጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ጸሎት ሲጀመር ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች። ይርጉ ያንን ልቅሶ በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እኔ ነኝ ያስለቀስኳት፣ የድሀ ሴት ሀሳብ ቀምቼ ነው ሳሎኔ የሰቀልኩት ይላል።

ቢጨንቀው ዲላ ወረደ። የውድድሩን ቅጽ አብሮት የሞላው ሙሉዓለም ከጎጃም መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ሰው ነው። ይርጉ ሁሉንም ዘረገፈለት። ሙሉዓለም ከት ብሎ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የከሳኸው? እስቲ ከባዶ የተነሳ ሀሳብ አምጣልኝ! ጉድጓዱ የእናቶቻችሁ፣ ቅጠሉ የእናቶቻችሁ። እሷስ ብትሆን ከማን ወስዳው ነው?»

«ከማንም። ራሷ ናት ያሰበችው። በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«ሰው ብቻውን ያሰበው ነገር የለም ስልህ!»

ይርጉ እስከ ይርጋጨፌ ድረስ ተጽናና። መኪና ቀይሮ ወርቃ ሲደርስ ግን ያው የድሮው ይርጉ ነበር።

እሁድ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አውርዶ በጋቢ ጠቅልሎ ጸሎት ቤት ሄደ። ጋሽ ጋዲሳ እንደ ወትሮው ሁለተኛው ወንበር ላይ አሉ፤ ያንን የዘበኝነት ካፖርት ዛሬም አላወለቁትም። «ምስክርነት ያለው?» ሲባል ይርጉ ተነሳ።

«ወገኖች፣ እኔ ሌባ ነኝ» አለ።

ይርጉ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጉድጓዱን፣ ቅጠሉን፣ ጣሳውን፣ ዲላ ላይ «እኔ» ማለቱን።

«የሀሳቡ ባለቤት እህት አሰገደች ናት። ይሄ ሽልማት የእሷ ነው። እህቴ፣ ስለ ጌታ ብለሽ ይቅር በይኝ!»

«ሃሌሉያ!» አለ ሕዝቡ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ይርጉ እያለቀሰ የምስክር ወረቀቱን ወደ ኋላ ዘረጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል ብሎት ነበር።

አሰገደች ከበሩ አጠገብ ተነሳች። በወንበሮቹ መሀል ቀስ ብላ ወደ ፊት መጣች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ይርጉ አጠገብ ስትደርስ ግን ወረቀቱን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ አልፋው ሄዳ ሁለተኛው ወንበር ፊት ተንበረከከችና የካፖርቱን ጫፍ ያዘች።

«ጋሽ ጋዲሳ፣ ሁለቱን ጆንያ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»