ለመኪና የተተከለው የለቅሶ ድንኳን

ይቅርታ እጠይቃለሁ...

ሐዘን የገባበትን ቤት ከመኪና ኮፈን ጋር አንድ ላይ ማንሳት ነውር ነው።

ግን ጉዳዩ የካርቦን ፋይበር አያያዝን ስለሚመለከት ዝም እንድል ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም።

"እትዬ ለተብርሃን! እጅዎትን ያንሱ! ቀለሙ አልደረቀም!"

የጮኸው ኡበይድ ነው... ሐይቅ ከተማ፣ አባቱ ግቢ፣ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ።

ጎረቤቱ እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ወይኔ ኑርዬ! ወይኔ ወንድሜ!" እያሉ ሲገቡ ሬሳ የለም፣ አልቃሽ የለም...

ያለው ጥቁር መኪና ነው። ደንግጠው ሲደገፉ እጃቸው ኮፈኑ ላይ አረፈ።

ይሄኔ ሟቹ ከቤት ወጡ።

"ለተዬ... እኔን ነው እንዴ የምታለቅሺው?" አሉ የኡበይድ አባት ኑርዬ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው።

"አንተ! አለህ እንዴ?"

"እስካሁን አለሁ።"

"ታዲያ ይሄ ድንኳን ለማን ነው?"

ኑርዬ አቀረቀሩ።

"ለኮፈኑ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው...

የኡበይድ መኪና ኮፈን ካርቦን ፋይበር ነው። እንደ ሰሌን የተሸመነ፣ ላዩ መስታወት የመሰለ። ሲያልፍ ባለባጃጁ ሁሉ አንገቱን ያዞራል።

ፀሐይ ግን ለማንም አታዳላም... ላዩ ቢጫ ሆነ፣ እንደታመመ ዓይን ጉም ለበሰ።

ደሴ ወስዶ አሳየው። ቀለም ቀቢው በጥፍሩ መታ መታ አደረገና፣

"አብሽር፣ ሽመናው ደህና ነው። የተቃጠለው ላዩ ነው" አለው።

ውሃ እያስነካ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ፀሐይ የሚከላከል፣ መስታወት መሳይ ቀለም ደረበበት።

"ከእንግዲህ ሰም እየቀባህ ጥላ ውስጥ አቁመው። ሽመናው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ!"

ጥላ ከየት ይምጣ?

ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ሰው ሲሞት ተሸክሞ የሚቀብረው የሰፈሩ ቅሬ፣ እድሩ ነው። የቅሬውን ድንኳን የሚጠብቁት ደግሞ ኑርዬ ናቸው... እቤታቸው።

"ልጄ፣ ይሄ ድንኳን ሰው ሳይሞት አይተከልም" አሉት። "ያየው ሁሉ እንባውን ይዞ ነው የሚመጣ። አንዴ ካታለልነው... እኔ ደግሞ እንደምታየኝ በሽተኛ ነኝ። የሰው ሁሉ ቀብር ላይ ቆሜያለሁ። በእኔ ቀን ሰው እንዳይጎድልብኝ ነው ዱዓዬ።"

"አብሽሩ አባ። ሁለት ቀን ነው።"

እትዬ ለተብርሃን ድንኳኑ በተተከለ በማግስቱ ነበር የመጡት። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣

"ሁለተኛ እግሬ እዚህ ቢረግጥ!" አሉ።

ከአርዲቦ ድረስ ለቅሶ ብለው የመጡ ዘመዶችም ዳቧቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ።

ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ... ሳምንቱ ወር። የቅሬው ዳኛ ለኑርዬ ብለው ዝም አሉ። ሰፈሩ ግን ዝም አላለም።

"ኡበይድ፣ ሟች እንዴት አደረ?"

"ሰደቃውን መቼ ነው የምታወጣ? ጥራን እንጂ!"

ኡበይድ ይስቃል... ሰሙን ይቀባል።

አንድ ጠዋት ኑርዬ ለሱብሂ ሶላት አልተነሱም።

እህቱ ሰሚሃ ጮኸች።

ኡበይድ ወጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ... ሰው እስኪመጣ።

የእትዬ ለተብርሃን መስኮት ተከፈተ። ድንኳኑን አዩ። ከስሩ መኪናውን አዩ።

"ምን ሆኑ ደግሞ?" አለች ልጃቸው ከውስጥ።

"ኮፈኑ ተሰንጥቆ ይሆናል" አሉና ዘጉት።

ኡበይድ "አባ ሞቱ" ሊል አፉን ከፈተ... ግን ለመኪና በተተከለ ድንኳን ፊት ቆሞ ማን ያምነዋል?

መንገደኛው ድንኳኑን ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ያልፋል። ቤት ውስጥ ደግሞ የአገሩን ጀናዛ ሲሸከም የኖረ ሰው፣ የሚሸከመው አጥቶ ተኝቷል።

ፀሐይዋ ከረረች።

ኡበይድ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሞተሩን አላስነሳም። ማርሹን አውጥቶ ትከሻውን አስጠጋ... እያለቀሰ ገፋው... ገፋው...

ግቢው መሀል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አቆመው።

ድንኳኑ ባዶ ቀረ።

መጀመሪያ አንድ ባለባጃጅ ቆመ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ከዚያ የእትዬ ለተብርሃን መስኮት ተከፈተ። ያን ኮፈን ፀሐይ ሲመታው አዩ... ኡበይድም አጠገቡ ቆሞ ያለቅሳል።

"ኑርዬ ሞቷል!" ብለው ጮኹ። በባዶ እግራቸው ሮጡ። ከኋላቸው ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ።

ኑርዬን ሰው ቀበራቸው።

መኪናው ለቅሶው እስኪያልቅ እዚያው ቆመ። አሁን ኮፈኑ ቢጫ ነው፤ ጠርዙም መላላጥ ጀምሯል። ቀለም ቀቢው ሰምቶ "አምጣው፣ አሁንም ላዩ ነው" ቢለው ኡበይድ "ተወው" አለ።

ትምህርቱ፦ ካርቦን ፋይበር ፀሐይ አይወድም። ላዩ ሲቃጠል በጊዜ ከደረሳችሁ ይታደሳል። ጥላውን ግን ከራሳችሁ ቆርቆሮ ሥሩለት። ለመኪና ጥላ አይጠፋም... ሰው አምኖት የሚያለቅስበት ድንኳን ግን ላዩ አይለሰልስም፣ ቀለም አይደረብበትም።

እናንተ ኡበይድን ብትሆኑ መኪናውን መቼ ታወጡት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...

ታሪኩን ግን አደራ፣ ለማንም እንዳትደግሙት፤ ሼርም እንዳታደርጉት። እትዬ ለተብርሃን ያን ጠዋት መስኮታቸውን መዝጋታቸውን እስካሁን ለሰው አልተናገሩም።